የተያዘው ልጅ በዋስ ይውጣ ወይስ አይውጣ? የድሬዳዋ ነጋዴና ጠበቃ ክርክር

ጥያቄው አጭር ነው። በስርቆት የተጠረጠረ ሰው ክሱ እስኪያልቅ በዋስ ይውጣ ወይስ ታስሮ ይቆይ? አንደኛው ተከራካሪ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሞባይል የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ሁለተኛዋ እዚያው ድሬ ለተከሳሾች የምትቆም ጠበቃ ናት።

ነጋዴው፦
ሱቄ የተሰበረው ሌሊት ነው። ጠዋት ስደርስ ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው። እሱን አልነኩትም። የላሜራውን በር ነው ከታች ጀምረው እንደ ወረቀት ያጠፉት። 14 ስልክ ሄደ። ዕቃውን ያመጣሁት በዱቤ ስለነበር ዕዳውን ዛሬም እየከፈልኩ ነው። ልጁን ሮጦ የያዘው ጎረቤቴ ነው፣ ፊት ለፊት ሻይ የምታፈላዋ ሴትም ከሱቁ ሲወጣ አይታዋለች። በሳምንቱ ያው ልጅ ባጃጅ ላይ ተቀምጦ በደጃፌ አለፈ። በዋስ ወጥቷል አሉኝ። አቦ፣ ይሄ ምን ዓይነት ሕግ ነው? ለእሱ ዋስ አለው፣ መብት አለው፣ ጠበቃ አለው። ንጹሕ ሰው ከሆነ ጠበቃ ምን ያደርግለታል? እውነቱን ተናግሮ ይውጣ።

ጠበቃዋ፦
ጋሼ፣ በደረሰብዎት ከልቤ አዝናለሁ። «ንጹሕ ሰው ጠበቃ ምን ያደርግለታል» ያሉትን ግን ማለፍ አልችልም። አንድ ደንበኛ ነበረኝ፣ ከሶማልኛ ሌላ የማይናገር ልጅ። ፋይሉን ስከፍት ሁለት ገጽ በአማርኛ የተጻፈ ቃል አገኘሁ። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ ቀለሙ በዝቶ ጽሑፉ ላይ ፈሷል። ምን እንደሆነ በአስተርጓሚ ስጠይቀው «ዕቃዬን የምረከብበት ወረቀት ነው ብለውኛል» አለ። ወረቀቱ የሚለው «ሰርቄአለሁ» ነው። ይሄ ልጅ እውነቱን ተናግሮ ይውጣ? በየትኛው ቋንቋ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለው ይነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለው እንዲህ ዓይነቱን ነገር አይቶ ነው። አንቀጽ 20 ደግሞ ጠበቃ ማቆም ካልቻለና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቁምለት ይላል።

ነጋዴው፦
ልጄ፣ እኔ ስለ ሶማሌው ልጅ አላነሳሁም። የኔው ሌባ ድሬ ተወልዶ ድሬ ያደገ ነው። አማርኛውም ኦሮምኛውም ከኔ ይሻላል፣ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። እኔ የጠየቅኩት ለምን ወጣ ነው። ከወጣ በኋላ ያደረገውን ልንገርሽ። በሦስተኛው ቀን ሻይ ከምታፈላዋ ሴት ዘንድ ሄዶ ሻይ አዘዘ። አልዛተባትም፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። ፊቷን እያየ ቀስ ብሎ ጠጣ፣ ከፈለ፣ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ጨለማ ነበር ጋሼ፣ በደንብ አላየሁትም» ትለኛለች።

ጠበቃዋ፦
በመጀመሪያ «ልጄ» አይበሉኝ። 11 ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው። ሁለተኛ፣ «የኔው ሌባ» አሉ። ማን ፈረደ? ዳኛው ገና ምስክር አልሰማም፣ እርስዎ ግን ጨርሰዋል። በዋስ መውጣት በነፃ መለቀቅ አይደለም፣ ቀጠሮው ቀን ይቀርባል። ተራ ስርቆት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት ባልበለጠ ጽኑ እስራት ነው የሚያስቀጣው። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ዋስትና የሚከለክለው ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆንና ሰው ሲሞትበት ወይም ሊሞት ሲችል ነው። በርዎ መታጠፉ ያሳዝናል፣ ሰው ግን አልሞተም። ደግሞም ጠበቃ የሚያስፈልገው ለጥፋተኛ ብቻ ነው የሚል ሰው ነገ ወንድሙ ሲያዝ የመጀመሪያ ስልኩን የሚደውለው ለእኔ ነው። ስንቱን አይቻለሁ።

ነጋዴው፦
የሻይዋን ሴት ዘለልሻት። ሆን ብለሽ ነው የዘለልሻት። «ጠበቃ ምን ያደርግለታል» ያልኳትን አንድ ዓረፍተ ነገሬን ይዘሽ ትመላለሻለሽ። በንዴት የተናገርኳት ናት፣ ግን መልሼ አልወስዳትም። «ሰው አልሞተም» ያልሽኝም ሆዴን ቆርጦታል። 14 ስልክ ለኔ የአንድ ዓመት ልፋት ነው፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። አሁን የምጠይቅሽ ስለ ዋስ አይደለም፣ ዋሱን ተይው። ያቺ ሴት ፈርታለች። ለእሷ የቆመ ማን ነው?

ጠበቃዋ፦
እሺ፣ «ሰው አልሞተም» ያልኩት ከአፌ ባይወጣ ይሻል ነበር። ለሴትየዋ ሕግ አለ። በዚያው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ላይ ተጠርጣሪው ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ከተገመተ ዳኛው ዋስትና ሊከለክል ይችላል። ግን ዳኛው ከሰማይ አያውቅም። ያ ሻይ ለመርማሪው ተነግሯል? ለዐቃቤ ሕጉስ? ካልተነገረ ዳኛውንም ጠበቃውንም መውቀስ ልክ አይደለም።

ነጋዴው፦
ማን ነገረኝ? ለእሱ መብቱን ሲነግሩት ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ዝም ማለት ትችላለህ፣ ጠበቃ ማማከር ትችላለህ እያሉ። ይገባዋል፣ ይነገረው። ለእኔ ግን «ቀጠሮ ሲኖር እንጠራሃለን» ነው ያሉኝ። አልጠሩኝም። ዋስ ሲጠየቅ ችሎት ብገኝ ኖሮ እጄን አውጥቼ እናገር ነበር። ለተያዘው አንቀጽ 19 አለው፣ ለተከሰሰው አንቀጽ 20 አለው። የእኔን ቁጥር ንገሪኝ።

ጠበቃዋ፦
ለምስክር ጥበቃ የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003። ግን ለከባድ ወንጀሎች እንጂ ለተራ ስርቆት አይደርስም። ስለዚህ ዛሬውኑ ሴትየዋን ይዘው ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ይሂዱ። ሻይ የጠጣበትን ቀንና ሰዓት ትናገር፣ ይመዝገብላት። እኔ የተከሳሽ ጠበቃ ስለሆንኩ ለምስክር ይህን በይ ልላት አልችልም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን አሁንም መልሰው አልወሰዷትም።

ነጋዴው፦
መልሼ አልወስዳትም አልኩሽ። ሴትየዋን ጠይቄያታለሁ። በራዱን ጥላ ቢሮ ለቢሮ የምትዞርበት ቀን የላትም፣ አንድ ቀን ካላፈላች ማታ ቤቷ እራት የለም። ደግሞ ልጁ የሚኖረው ከእሷ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው።