የራስን ደም ለራስ ማስቀመጥ

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ፣ ሰንበቴ ላይ፣ ጨዋታው ሁሉ ስለ አንድ አዛውንት ዳሌ ሆነ። ያለቀው መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ሊቀየርላቸው ባሕር ዳር ቀጠሮ ይዘዋል።

«ኦፕራሲዮኑን አልፈራም። የማላውቀው ሰው ደም ግን ይከብደኛል። የራሴን አስቀድሜ ሰጥቼ ቢያስቀምጡልኝስ?» አሉ።

የወንድማቸው ልጅ ደገፋቸው፤ «ከራስ ደም የበለጠ የሚስማማ ከየት ይመጣል?»

አብራን የተቀመጠች ነርስ ጣሳዋን አስቀመጠች። «አያ፣ ይደረግ ነበር። ፈረንጆቹ ጋ በ1980ዎቹ ኤችአይቪ ሲመጣ ብዙ ሰው አስቀምጧል፤ ኋላ ግን እነሱም እየተውት መጡ። አንድ ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቀይ ሕዋሱ ቢበዛ 42 ቀን ይቆያል፤ ሰውነት ግን በዚያ ጊዜ የሄደውን ሁሉ ላይተካ ይችላል። ከጎተራ አውጥቶ ጎረቤት ቤት እንደማስቀመጥ ነው፤ እህሉ አይጨምርም። ደም አንሶዎት ቢላው ስር ይገባሉ። ካላስፈለገም ይጣላል።»

«በሽታ ግን አይተላለፍም!» አለ ልጁ።

«የለጋሽ ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ይመረመራል። የራስ ከረጢትም ቢሆን ጀርም ሊገባበት፣ ስም ሊሳሳትበት ይችላል።»

ቀጥላ ወደ አዛውንቱ ጠጋ ብላ የታችኛውን የዓይን ቆባቸውን ዝቅ አድርጋ አየች። ነጥቷል፤ የደም ማነስ ምልክት ነው። «አንቱ፣ ለሕመሙ ምን ይወስዳሉ?»

«ዳይክሎፌናክ፤ ጠዋት ማታ።»

ዝም አለች። መድኃኒቱ ጨጓራን ሊያደማ እንደሚችል ያኔ ነው የነገረችን።

እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ። የሽማግሌው ስጋት ይገባኛል፤ ደሙ ብርቅ ለሆነ ወይም የሚስማማው ለጠፋ ሰውም የራስን ማስቀመጥ ዛሬም መላ ነው። ለእሳቸው ግን ሊቀድም የሚገባው ሌላ ነው። ቀጠሮው ከተያዘ ወዲያ ሳይውል ሳያድር ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ማነሱን የሚያሳየው የቀይ ሕዋስ ንጥረ ነገር፣ ይለካ፤ ካነሰ የት እንደሚፈስ ይፈለግ፤ ሐኪም ብረት ካዘዘም ሳምንታት ስለሚፈልግ ቶሎ ይጀመር፣ ኪኒኑም ከቡና ጋር አይዋጥ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ደም መፍሰስን የሚቀንስ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒት እንዳለም ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ደም መስጠቱን ለወንድማቸው ልጅ ይተዉለት፤ ጉልበት አለው፣ ደም ባንኩም እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው።