ይድረስ ለክቡር አቶ «ያለ ደረሰኝ»

ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ስለ 300 ብር

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን መቼ ተለያየንና! ጠዋት ዳቦ ቤት ነበሩ። ምሳ ላይ ከአሳ ጥብሱ ጋር አብረው ቀረቡ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ የሻወር ሚክሰር ልገዛ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ስገባ፣ ቀድመውኝ ባንኮኒው ላይ ጉብ ብለዋል።

«ጋሼ፣ በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» አለኝ ልጁ።

በደረሰኝ 2,300። በእርስዎ በኩል 2,000። ልዩነቱ 300 ብር፣ ያቺው 15 በመቶ ቫት ናት። የሽያጭ ማሽኗ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ዳንቴል አልብሰዋታል፤ ከላይዋም የፕላስቲክ አበባ አለ። ድሮ እናቴ ቴሌቪዥኑን እንዲህ ነበር የምታለብሰው። ልዩነቱ፣ እናቴ ማታ ማታ ትገልጠው ነበር።

«በደረሰኝ» አልኩ፣ አገር ወዳድነት ድንገት ተነስቶብኝ። ልጁ አዘነልኝ። «ወረቀት ጨርሳለች፤ ሰኞ ብቅ በል።» ቤቴ ውስጥ ውሃው ከሻወር አልፎ ሳሎን ሊገባ ነው። እስከ ሰኞ ታንኳ ያስፈልገኛል። ምን ላድርግ፣ እጄን ለእርስዎ ሰጠሁ።

በሞባይል ልከፍል ስል ልጁ አንድ ቁጥር ነገረኝ። የድርጅቱ አይደለም፣ የባለቤቱ የግል ሒሳብ ነው። «ምክንያት የሚለው ላይ ‹ብድር› በልበት» አለኝ። አልኩበት። ይኸው በባንኩ መዝገብ፣ እኔ ደመወዝተኛው ለባለ አምስት ፎቁ ሰውዬ 2,000 ብር አበዳሪ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን ሚክሰሩ ብቻ አይደለም። እሑድ ጣና ዳር ከወዳጆቼ ጋር ተቀምጠን ክርክር ተነሳ። ሀብታም ላይ ግብር ይጨመር ወይስ አይጨመር?

አንደኛው ወዳጃችን አሜሪካን ጠቀሰ። ዋረን በፌት፣ ያ ቢሊየነር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱ የጻፈውን። ግብር ከሚጣልበት ገቢው የከፈለው 17.4 በመቶ ብቻ ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ግን በአማካይ 36 በመቶ ከፍለዋል። «ሰውዬው ግብር ጨምሩብኝ እንጂ አትማሩኝ እያለ ነው!» አለ ወዳጃችን፣ ጠረጴዛውን እየመታ።

ፕራዶ የሚነዳው ወዳጃችን ደግሞ ኖርዌይን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሀብት ግብሯን ከፍ ስታደርግ ባለሀብቶቿ ጓዛቸውን ጠቅልለው ስዊዘርላንድ ገቡ አለ። እውነቱን ነው፣ ብዙዎቹ ሄደዋል። «ካፒታል ወፍ ነው፣ እሽ ካልከው ይበራል» ብሎ ወደ ሐይቁ አመለከተ። ርኩሞቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጣልበትን ቦታ ያውቁታል። የእሱም ሕንፃ ቀበሌውን ለቆ ዘጌ ማዶ ሲያርፍ አልታየኝም።

ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ ሒሳብ መጣ። በብጣሽ ወረቀት፣ በእስክሪብቶ ተጽፎ። የበፌቱም ደጋፊ፣ የኖርዌዩም ጠበቃ፣ እኔም፣ ማናችንም «ደረሰኙስ?» አላልንም። ክቡርነትዎ ያን ጊዜ ከጠረጴዛው ሥር ሲስቁ ሰምቼዎታለሁ።

አሁን ስለ ሀብቴ ላጫውትዎት። አዎ፣ እኔም ሀብታም ነኝ። የነገረኝ የደመወዝ መክፈያው ወረቀት ነው። ደመወዜ 15,000 ብር ነው። በ2017 በተሻሻለው አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሆኗል፤ ድሮ 600 ብር ብቻ ነበር፣ ለዚህ ምስጋና ይገባል። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወጣ 14,000 ላይ ሲደርስ መሰላሉ ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ 35 በመቶ። የእኔ የመጨረሻዋ አንድ ሺህ ብር ጫፉ ላይ ቆማለች። ከእሷ በላይ እርከን የለም። በወር 15,000 የሚያገኝም፣ 500,000 የሚያገኝም ጣሪያቸው አንድ ነው። ኩባንያ ከትርፉ የሚከፍለው ግን 30 በመቶ ነው።

ስለዚህ ከ15,000ው ላይ 3,200 ግብር፣ 1,050 ጡረታ ተነስቶ 10,750 እጄ ይገባል። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። የእኔ ማሽን ዳንቴል አታውቅም። ወረቀትም ጨርሳ አታውቅም፤ ሰኞ ና የምባለው ለደመወዜ እንጂ ለግብሬ አይደለም።

ሚክሰሩን የሸጠልኝ ሰውዬ ግን በወረቀት ላይ ድሃ ነው። ሚክሰር አልሸጠም፣ ተበድሯል። ፎቁ ላይ ያሉት ተከራዮችም ሁለት ሁለት ውል አላቸው፤ አንዱ ለመንግሥት የሚታይ፣ አንዱ ለመክፈያ። እንግዲህ ነገ «ሀብታም ላይ ግብር ጨምረናል» ቢባል፣ ማን ላይ ነው የሚጨመረው? በመዝገብ የሚታየው ሀብታም ላይ ነዋ። እሱም እኔ ነኝ።

የአገሬ ሰው ከዚህ ጉዳይ ጋር የቆየ ነገር አለው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም አልቀበልም ብሎ አመፀ። ብዙ ገቢ ያለው ብዙ ይክፈል የሚል ሐሳብ ነበረበት። ገበሬው ግን ቆጣሪና ለኪ መጣ ማለት ርስቴ ሄደ ማለት ነው ብሎ ፈራ። ምን ይፈረድበታል? ለትልቁ ተብሎ የታሰበ ነገር ጎጆው በር ላይ ሲያንኳኳ ደጋግሞ አይቷል።

ቋንቋችንም ቢሆን ነገሩን ያውቀዋል። ድሮ ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ተቀምጠው ጠጁን እያንቆረቆሩ ቁርጥ ይበሉ ነበር። ዛሬ ቁርጡ ለብቻው ወጥቶ «ቁርጥ ግብር» ሆነና ለትንሹ ነጋዴ ደረሰው። አዳራሹ ውስጥ ማን እንደቀረ እርስዎ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ሰው የሚወድዎት በከንቱ አይደለም። «ከፍዬስ የት ይገባል?» የሚል ሰው አፉን የሚያስይዝ መልስ ገና አላገኘሁም፤ በተለይ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አናቴ ጣሪያውን ሲመታው። እኔም 300 ብሬን ይዤ ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። በእሷ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዝቼ ገባሁ። ጉሊት ላይ፣ መቼም ያለ ደረሰኝ።

አንድ ምክር ልስጥዎትና ላብቃ። የንብረት ታክስ የሚባል አዋጅ በ2017 ወጥቷል፣ ሰምተው ይሆናል። ትንሽ ቢያሳስብዎት ጥሩ ነው። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ወረቀት አይጨርስም፤ ለእሱ የሚበቃ ዳንቴል ደግሞ እናቴም አትሠራም። ግን ክቡርነትዎን አውቃለሁ፣ ገማቹን ቡና ሊጋብዙ ይችላሉ።

አክባሪዎ፣
ከመጨረሻው እርከን ላይ ያለው ሀብታም

ይድረስ ዳግመኛ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ሚክሰሩ በአራተኛው ቀን ከአንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። ይዤው ሱቁ ሄድኩ። ልጁ አልነበረም፤ ባለቤቱ ራሱ ነው የተቀመጠው። ሚክሰሩን አገላብጦ አየውና መነጽሩን አወለቀ።

«የኛ ዕቃ ነው? ደረሰኝ ይዘሃል?»

«አልያዝኩም።»

«ያለ ደረሰኝማ አንቀይርም፣ ወንድሜ። ሕግ ነው።»

ሕግ ከሆነ ምን ይባላል። ስልኬን አወጣሁና የባንኩን መልእክት አሳየሁት። ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ምክንያቱም አለ።

«እሺ፣ ሚክሰሩ ይቅር» አልኩት። «ብድሬን ስጠኝ።»