«ልጄ ሊያገባ ነው»

ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ቤት የተከራየ ሰው ይቺን የአከራይ ነገር ያውቃታል፤ «ውሉን አላድስም፣ ልጄ ሊያገባ ነው።» ያግባ! ግን ደላላው በማግስቱ ሌላ ተከራይ ይዞ መጥቶ መኝታ ቤቴን ሲያስጎበኝ ምን ልበል? ሰውዬው ካልሲዬ የተሰጣበትን ገመድ በእጁ ገፋ እያደረገ «ቅድሚያ የስንት ወር ነው?» ይላል። እኔ እዛው ቆሜ! አከራዬ እትዬም አላፈሩም።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ደስ ሲል! ግን የክልል ከተሞችን የሚመለከተው ክልሉ ሲወስን ነው። የእኔ ውልማ ደላላው በደብተር ቅጠል የሞነጫጨረው ነው። ምስክሩም ራሱ ደላላው።

ጊዜው ያለቀ ውል የግድ ይታደስ የሚል ሕግ እንደሌለ አውቃለሁ። ቤቱ የሳቸው ነው፣ አልካድኩም። ግን እውነቱን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? «ጨምር» ቢሉኝ እንከራከር ነበር። አሁን በዚህ የሐምሌ ዝናብ ፍራሼን በላስቲክ ጠቅልዬ ባለጋሪ ልለምን ነው። ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን ይጠብቃል፤ ከሳቸውም፣ ከአዲሱም፣ ቤት ሲፈልግልኝ ደግሞ ከኔም!