አንገቱ ድረስ ሲሚንቶ

የዛፍ አያያዝ መማር የፈለገ ወደኛ ወደ ጎጃም ይምጣ። ሐምሌ ላይ ችግኝ እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ መስከረም ሲጠባ አንገቱ ድረስ ሲሚንቶ እናለብሰዋለን። ብርድ እንዳይመታው ብለን ነው እንጂ ሌላ ምን አስበን!

ሰሞኑን ባሕር ዳር፣ ሠፈራችን ውስጥ፣ አንድ ግንበኛ የጃካራንዳ ግርጌ በካዞላ ሲያሳምር ቆሜ አየሁ። ለዛፉ የተተወለት ክፍት ቦታ ረከቦት አያህልም። ዙሪያው ገረጋንቲ ተደልድሎ በሩሎ ተደፍጥጧል፤ አየር ሾልኮ ገብቶ ሥሩን እንዳያስነጥሰው ቀዳዳ አልቀረም። ሥርም ይተነፍሳል፣ አብዛኛው ሥር ከላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ሳይወርድ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ወደ ጎን ይዘረጋል የሚሉ አሉ። የነሱ ዛፍ ስድ ቢሆን ነው። የኛ ጨዋ ነው፤ ረከቦት ይበቃዋል።

ለገበያ የመጡ አንድ አዛውንት አጠገቤ ቆመው ኖሮ፣ «ምነው ልጄ፣ መሬቱን አታላላለትም?» አሉት።

«አያ፣ ጤፍስ ሲዘራ በከብት ይረገጥ የለም እንዴ?»

«አራት አምስቴ ከታረሰ በኋላ ነዋ! ደግሞስ ጤፍ ሥሩ ስንት ነውና?»

ግንበኛው ሳቀና ካዞላውን ውሃ ነከረ። አዛውንቱ ልማት አይገባቸውም።

የሚያሳዝኑኝስ የስዊድን ዋና ከተማ ሰዎች፣ ስቶክሆልሞች ናቸው። ለዛፉ ብለው አስፋልቱ ሥር እያንዳንዱ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሜትር የሚሆን ድንጋይ ይሞላሉ። ድንጋዩ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ በመካከሉ አፈር በውሃ እያጠቡ ያስገባሉ፣ የጣሪያና የመንገድ ዝናብ ወደዚያው ይመራሉ፣ ሥሩም በክፍተቱ እየተሹለከለከ ይሄዳል። እኛ ጥቁር ድንጋይ ቸግሮን ነው? ኮብልስቶኑን ከየት አመጣነው! ግን ማንም የማያየው ድንጋይ ቀብሮ ምን ይመረቃል? ዝናቡንም በቦይ ወደ ጣና እንሸኘዋለን፤ ዛፉ በበጋ ከቦቴ ይጠጣል፣ ቦቴው ከመጣ።

አልፎ አልፎ ባለጌ ዛፍ አይጠፋም። የኛ በር ላይ የነበረው ዛፍ እርጥበትና ትንፋሽ ያገኘው ከንጣፉ በታች ብቻ ስለነበር ሥሩ እዚያው ወፍሮ ንጣፉን ገነጠለው። ሥሩን በመጥረቢያ ቆርጠን መልሰን ለሰንነው። ሚያዝያ ላይ ነፋስ ሲነሳ አጥሩ ላይ ተጋደመ። ጉቶውንም ለስነነዋል፤ አሁን ሊስትሮ ደንበኛ ያስቀምጥበታል።