ድመቷን ማን ይፈልጋት?

እኛ የሆረር፣ የሚያስፈራ ፊልም ወዳጆች ነን። አራት ነን። ዓርብ ማታ ማታ ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወደ ፋሲል መዋኛ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እኔ በተከራየኋት አንዲት ክፍል እንሰበሰባለን። አንዱ ባጃጅ ይነዳል። አንዱ ፊዚክስ ያስተምራል። አንዷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ፍላሽ ይዤ ሄጄ ፊልም ማስጫን ነው። ሒሳቡንም የምከፍለው እኔ ነኝ። (ይኼን የጻፍኩት እንዲያነቡት ነው።)

በሆረር ተጣልተን አናውቅም። ሙት ከመቃብር ቢነሣ፣ አሻንጉሊት ቢላ ቢጨብጥ፣ አራታችንም እኩል እንጮኻለን። ሲያልቅ ደግሞ እኩል «ምኑ ያስፈራል?» እንላለን። ጠብ የጀመርነው ወደ ጠፈር የወጣን ዕለት ነው።

ሽማግሌያችን አከራዬ እማማ ናቸው። የእሳቸው ቴሌቪዥን ከተበላሸ ወዲህ ረከቦታቸውን ይዘው እኔ ክፍል ገብተዋል። እንግሊዝኛውን እኔ እየተረጎምኩላቸው፣ ፈንድሻ እየበተኑ ያያሉ።

መጀመሪያ ያስጫንኩት የሪድሊ ስኮትን «ኤሊየን» ነበር፤ በፈረንጅ 1979 የወጣውን። ሰባት ሰው፣ አንድ ድመት፣ አንድ ጭራቅ። ፊልሙ 117 ደቂቃ ነው። ጭራቁ የሚታየው ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ባጃጅ ነጂው ተናደደ።

«እኔ ተሳፋሪ ይኼን ያህል ባስጠብቅ ይሰድቡኛል! ጭራቅ ካለ ይውጣና ይታይ!»

መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ደግሞ «ባለመታየቱ አይደል እንዴ የሚያስፈራው?» አለች። «የሚታይማ ቁስል ነው። ቁስል በፋሻ ይታሰራል።»

እኔ ላስታርቅ ብዬ ሠርቼ የማላውቀውን ስህተት ሠራሁ። ጭራቁ ልብስ ውስጥ ያለው ቦላጂ ባዴጆ የሚባል ናይጄሪያዊ መሆኑን ነገርኳቸው። ለንደን ይማር የነበረ፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ ቀጭን ልጅ። ባጃጅ ነጂው የአፍሪካ ዋንጫ የበላ ያህል ጨፈረ። እማማ ግን ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«የሰው ልጅ ነው? እንዲያ ያለ ጎማ ውስጥ አስገብተውት? ኧረ ሙቀቱ! ውኃ እንኳ ሰጥተውታል?»

ከዚያ በኋላ ጭራቁ ብቅ ባለ ቁጥር «አይዞህ ልጄ» ይሉታል። እንዲህ ሆኖ ማን ይፈራል?

ይባስ ብሎ አንዱ መርከበኛ የጠፋችውን ድመት ብቻውን ፍለጋ ሄዶ ጭራቁ በላው። እማማ ደረታቸውን መቱ። «ለድመት ብሎ? ቂል! ድመት ሲርባት ራሷ ትመጣ የለም እንዴ!» ይኼ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። በጨለማ ድመት የሚፈልግ ሰው ቢበላም አይታዘንለትም።

የፊዚክስ መምህሩ ጉዳይ ለብቻው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ጋኔን የያዛት ሴትዮ ኮርኒስ ላይ ስትድህ «የስበት ሕግ የት ሄደ?» ብሎ አልጠየቀም። በጋቢ ተሸፍኖ ነበር። አሁን ግን አንዲት የጠፈር መርከብ ስትፈነዳ ድምፅ ብታሰማ ፊልሙን አስቁሞ ቆመ። ድምፅ እንዲሄድ አየር ወይ ሌላ ነገር ያስፈልገዋል፤ እዚያ ባዶ ነው፤ ማን ሰማው? ጥቁር ሰሌዳ ቢኖረኝ ይሥልበት ነበር።

«ጋኔኗ ላይስ ለምን ዝም አልክ?» አልነው።

«ጋኔን ፊዚክስ ተምሬያለሁ አላለም። እነዚህ ግን ሳይንስ ነን ብለው ነው የመጡት።»

እውነቱን ለመናገር መልሱ ደስ ብሎኛል። በሚቀጥለው ሳምንት እሱን ለማስደሰት የስታንሊ ኩብሪክን «2001» የተባለ የጠፈር ፊልም አስጫንኩ። በፈረንጅ 1968 የወጣ ነው፤ ሰው ጨረቃን ከመርገጡ አንድ ዓመት ቀድሞ። ጠፈሩ ጸጥ ያለ ነው። መምህሩ እንባ ቀረሽ ሆነ። ችግሩ፣ የመጀመሪያዎቹን 25 ደቂቃ ያህል አንድም ሰው አይናገርም። እኔም የምተረጉመው አጣሁ። ባጃጅ ነጂው የፊልሙ መክፈቻ ላይ ያሉት ጦጣዎች ሲታዩ እንቅልፍ ወሰደው።

ያነቃው የእማማ ጩኸት ነው። «ሃል» የሚባለው ኮምፒውተር የተኙትን ሦስት ሳይንቲስቶች ገድሎ፣ ውጭ የቀረውን ሰውዬ በር አልከፍትም ይለዋል። አይጮኽም፣ አይሳደብም። ድምፁ ማር ነው።

«ይኼንን ልጅ አውቀዋለሁ!» አሉ እማማ።

ለአንድ ካርታ ጉዳይ ሦስት ቀን የተመላለሱበት መስኮት ትዝ ብሏቸው ነው። «ይቅርታ እናቴ፣ ሲስተም የለም» ያላቸውም ልጅ እንዲሁ ለስላሳ፣ እንዲሁ ጨዋ ነበር አሉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ጥርስ ያለው ጭራቅ ያላስፈራቸው ሴትዮ፣ ትሑት ድምፅ አስፈራቸው።

የመድኃኒት ቤቷ ምርጫ የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» ነው። አንታርክቲካ በረዶ ውስጥ 12 ወንዶች አሉ። ከጠፈር የመጣባቸው ነገር የበላውን ሰው መስሎ ይቀመጣል። ማን ሰው እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ አይታወቅም። በፈረንጅ ጁን 1982 ሲወጣ ገበያ አልቀናውም። ሁለት ሳምንት ቀድሞ «ኢ.ቲ.» የሚባል፣ ደግ የጠፈር እንግዳ ያለበት ፊልም ወጥቶ ነበርና ሕዝቡ የሚታቀፈውን እንግዳ መረጠ።

እማማ «12 ሰው? እንደ ማኅበራችን?» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡ። «እኛም ጋ አንዷ ሰው አትመስለኝም» አሉ።

ፊልሙ ውስጥ ሽቦ አግለው የእያንዳንዱን ሰው ደም ይነኩታል። የሰው ያልሆነው ደም ይዘላል። እዚህ ላይ መድኃኒት ቤቷ አቆመችው። «እነዚህ እንኳ መርምረው ነው» አለች። ወለቃ፣ ቤተ እስራኤሎች ሸክላ ይሠሩበት የነበረው መንደር፣ ቅርባችን ነው። ሸክላ የሠራውን፣ ብረት የቀጠቀጠውን እጅ «ቡዳ» ስንል ኖረን፣ ማሰሮውን ግን ገዝተን ወጥ ሠርተንበታል። ሽቦ ያጋለ የለም። ለጥቂት ጊዜ ፈንድሻ የሚያኝክ ጠፋ።

ዝምታውን ለመስበር እማማን የሚወዱትን ዓይነት ጠየቅናቸው። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ አመጡ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ንብ ከግቢው ወጥቶ አባሮታል፤ ቤተ ክርስቲያኑም በዚያ ተረፈ ይባላል። የጎንደር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ግን የእኛን ቡድን ተመልከቱ።

«ንቦቹ ወዲያው ነው የሚታዩት?» አለ ባጃጅ ነጂው።

«ድምፃቸውስ ይሰማል? እዚህ አየር አለ» አለ መምህሩ።

«ንቡ ወዳጅና ጠላትን በምን ለየ?» አለች መድኃኒት ቤቷ።

እማማ ሦስቱንም አይተው «ቡናችሁን ጠጡ» አሉ።

እኔ? ሰው ብቻውን ጠባብ ቦታ ውስጥ ከቀረ ይበቃኛል። ጭራቁ ቢቀርም አልቀየምም። ምናልባት ኪራይ ስለምከፍልበት ክፍል ይሆናል።

ባለፈው ዓርብ ልክ በሦስተኛው ሲኒ መብራት ሄደ። ጎንደር ሲጨልም ያው ነው፤ ውሻው ይጮኻል፣ ከቀሃ ወንዝ በኩል ጅብ ይመልሳል። ከግቢው ጥግ ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ። ሚያው።

«ውሮዬ!» አሉ እማማ። «አንዳችሁ እስቲ እዩልኝ።»

ባጃጅ ነጂው የስልኩ ባትሪ ማለቁን አስታወቀ። መምህሩ ድምፅ በጨለማ አቅጣጫው እንደሚያሳስት አስረዳ። መድኃኒት ቤቷ የድመት አለርጂ እንዳለባት ያን ማታ ሰማን። እኔ ክፍሉን ልጠብቅ ብዬ ነው።

እማማ ሻማ ለኮሱ። «እናንተ የጭራቅ ወዳጆች» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። በሩን ማን እንደዘጋው አላየሁም።

ቆዩ። ሚያው የሚለውም ጠፋ። ከዚያ ቀስ ያለ እርምጃ መጣና በሩ ሁለቴ ተንኳኳ።

«ክፈቱ፣ እኔ ነኝ» አለ ድምፁ። ለስላሳ ነው።

መድኃኒት ቤቷ ክንዴን ያዘችኝ። «እሳቸው መሆናቸውን በምን እናውቃለን?»

መምህሩ በጨለማው ውስጥ ሽቦ ይፈልግ ጀመር።