ማስተካከያ፦ ስለ ግሉታሚን ዱቄት የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት «ግሉታሚን ለማንኛውም በሽተኛ ይጠቅማል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ትናንት ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ አንዲት እናት የግሉታሚን ዱቄት ጣሳ አገላብጠው እያዩ «ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለተኛው ልጄ ይሆናል አይደል?» ሲሉ ሰምቼ ደነገጥኩ። «እማማ፣ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቁ» አልኳቸው። ጣሳውን መለሱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግሉታሚን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባበት ንጥረ ነገር ነው። በጠና ስንታመም ጡንቻ እየፈረሰ ግሉታሚኑ ወደ አንጀትና ወደ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ይሄዳል፣ በደም ውስጥ ያለው መጠንም ብዙ ጊዜ ይወርዳል። እኔም «ከወረደ እንሙላው» ብዬ ደመደምኩ። ግን በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሬዶክስ የተባለ ጥናት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዱና ከአንድ በላይ የአካል ክፍላቸው የደከመባቸውን ከ1,200 በላይ ሕሙማን ተከታትሎ፣ ግሉታሚን ከተሰጣቸው ውስጥ በ6 ወር ጊዜ የሞቱት፣ ካልተሰጣቸው ውስጥ ከሞቱት እንደሚበልጡ አሳየ። ያውም በከፍተኛ መጠን ነበር የተሰጣቸው።

ቤቱ ሆኖ የሚያገግም ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ኩላሊቱና ጉበቱ ደህና ከሆኑ ሽሮው፣ እንቁላሉና ወተቱ አሚኖ አሲዶቹን ይሰጡታል።