የተዘረዘረው መቶ ብር፦ በቤታ መፍረስ ልኬት ላይ ክርክር

ሪአክተር ሲዘጋ ሙቀቱ አብሮ አይዘጋም። ከዩራኒየም መሰንጠቅ የተወለዱት ኒውክለሶች በቤታ ሲፈርሱ (ኤሌክትሮንና ብዙውን ጊዜ ጋማ የተባለ ጨረር ሲተፉ)፣ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ 7 በመቶ ገደማ መልቀቃቸውን ይቀጥላሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ፉኩሺማን ያቀለጠው ይኸው ትርፍ ሙቀት ነው። ይህን ለማስላት የእያንዳንዱን ኒውክለስ አፈራረስ ማወቅ ያሻል። ታዲያ የጋማውን ኃይል ሁሉ በአንድነት የሚለካው «ሙሉ መምጠጥ» የሚባለው ስፔክትሮስኮፒ የመጨረሻው ዳኛ ነውን?

ደጋፊ፦ ነው እላለሁ። የጀርመኒየም መመርመሪያ ዓይኑ ስለታም ነው፤ ነገር ግን ኃይላቸው የበዛና ቁጥራቸው ያነሰ ጋማዎች ያመልጡታል። ያመለጠው ጋማ በስሌቱ ውስጥ ለቤታ ይቆጠራል። በ1977 አራት ተመራማሪዎች «ፓንዴሞኒየም» የተባለ ምናባዊ ኒውክለስ ፈጥረው ይህን ስሕተት አጋልጠዋል። መቶ ብር ተዘርዝሮ ሳንቲሙ በየጥጉ ቢበተን፣ አንድ በአንድ የሚለቅም ሰው መጉደሉ አይቀርም። እኛ ግን ናሙናውን በሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታሎች ከበን ድምሩን በአንድ ጊዜ እንቀበላለን። ፊንላንድ ዩቨስኩላ ውስጥ ተለክቶ ውጤቱ በ2010 የታተመው ቴክኒሺየም 104 አማካይ የጋማ ኃይሉ ከ1.9 ወደ 3.2 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የኒውክለስ ኃይል መለኪያ) ዘለለ። ይህን ያህል ጋማ የት ተደብቆ ኖሯል?

ተቃዋሚ፦ መደበቁን አልክድም። ሆኖም ክሪስታሉ የሚሰጠው ምላሽ ኃይሉ በስንት ጋማ እንደተዘረዘረ ይለያያል። ስለዚህ የታችኛውን የኃይል ደረጃ ሥዕል ከጀርመኒየም ትበደራላችሁ፤ የላይኛውን በስታቲስቲክስ ሞዴል ትሞላላችሁ። የነቀፋችሁትን ጎረቤት ምጣድ ተውሳችሁ እንጀራ እንደመጋገር ነው! በ2011፣ በዚያው የቤታ መፍረስ ተወልዶ ከሪአክተሮች የሚወጣው አንቲኒውትሪኖ የተባለ ኢምንት ቅንጣት ከስሌቱ 6 በመቶ ያህል ጎደለ ሲባል ዓለም ስለ አዲስ ቅንጣት አወራ። በ2021 የሞስኮው ኩርቻቶቭ ተቋም የዩራኒየም 235ን እና የፕሉቶኒየም 239ን የቤታ ስፔክትረም (የኃይል ስርጭት) በቀጥታ አነጻጸረ፤ ስሌቱ የቆመበት የቀድሞው የፈረንሳይ ግሬኖብል የዩራኒየም ልኬት 5 በመቶ ያህል መጋነኑን አመለከተ። እንደ እናንተ በመቶ የሚቆጠሩ ኒውክለሶችን አንድ በአንድ መደመር አላስፈለገውም።

ደጋፊ፦ ምጣዱን ተቀበልኩ። ግን ዓመተ ምሕረቱን ይመልከቱልኝ፤ በእኛ ልኬቶች የተገነባው ድምር በ2019 ከቻይናው ዳያ ቤይ የአንቲኒውትሪኖ ቆጠራ ጋር ያለውን ልዩነት ወደ 1.9 በመቶ አውርዶት ነበር። ከሞስኮ ሁለት ዓመት ቀድመናል።

ተቃዋሚ፦ በጠቅላላው ድምር ቀድማችኋል፤ ይገባችኋል። የስፔክትረሙ ቅርጽስ? በ5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ከ2014 ጀምሮ የሚታየው እብጠት (ከስሌቱ የሚበልጥ ቆጠራ) ከድምራችሁ አልወጣም። በዚያ ሰፈር ጎልቶ የሚታየው ሩቢዲየም 92 እንኳ ጋማ ሳያስከትል በቀጥታ ወደ ልጁ ኒውክለስ መሠረታዊ (ዝቅተኛው) የኃይል ደረጃ የሚወርደው ድርሻ በአንዱ ቡድናችሁ 87.5፣ በሌላው 91 በመቶ ነው።

ደጋፊ፦ ቀድሞ በመረጃ ቋት ውስጥ 51 ተብሎ ተመዝግቦ እንደነበር ግን ዘለሉት።

ተቃዋሚ፦ አልረሳሁትም። እብጠቱን ከድምራችሁ ያሳዩኝ፤ ያን ቀን ምጣዱን ተሸክሜ የማመጣልዎት እኔ ነኝ።